ሚጥሚጣ፣ ሳማና ጥላሸት

ወይዘሮ ታንጉ ወደ ካናዳ የመሄዷን ነገር ለማንም ላለመንገር ወስና ነበር። ነገር ግን ልጇ ኤልሳቤጥ ደውላ ቪዛው መውጣቱን ስታበስራት፣ ታንጉ ገበያ መሐል ምስር እየሰፈረች ነበርና ጣሳውን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው። ዕለቱ ዓርብ ነው። በአርብ ገበያ ከተማ ዓርብ ቀን እልል ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ምሥጢር አለኝ ማለት አይችልም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማውራት ብትጀምርም ምንም አልፈየደላትም፤ ከላይ ጋይንት እህል ጭነው የመጡ አህያ ነጂዎች ሳይቀሩ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሏት ጀመር።

ታንጉ ባሏ ከሞተ ወዲህ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ከገበሬ እየሰበሰበች ለደብረ ታቦር ነጋዴዎች ስትሸጥ የኖረች፣ ምላሷ የሰላ፣ ዓይኗ ከሚዛን የማይነቀል ሴት ናት። ያለቻት አንድ ልጅ ኤልሳቤጥ ብቻ ነች፤ እሷም ካልጋሪ በሚባል የበረዶ አገር ነርስ ሆና፣ አግብታ፣ መንታ ወልዳለች። እናቷን የምትወስዳት ለናፍቆት ብቻ ሳይሆን መንታዎቹን ታሳድግልኝ ብላም እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል። ታንጉም ታውቃለች። ግን በፊቷ የሚናገር አልነበረም።

ቪዛው እንደወጣ መሸጥ ጀመረች። አህዮቹ ተሸጡ፣ ላሟ ተሸጠች፣ በጎቹ ተነዱ፣ በጓዳ የተከመረው ምስር ተጭኖ ሄደ። ሰፈርተኛው የተሸጠውን ሁሉ በዓይኑ ሸኝቷል። ብሩ የት እንደገባ ግን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ ነው ተባለ።

ብሩ ቤቷ ውስጥ አልነበረም። ታንጉ በሸጠች ቁጥር እንቅቧን በነጠላ ትሸፍንና ለባንኩ ጥበቃ ምስር የምታደርስ መስላ ትገባለች፤ በስሟ ታስገባና ባዶ እንቅቧን ታቅፋ ትወጣለች። ይህን ያዘዘቻት ኤልሳቤጥ ናት። ቤት አታስቀምጪ፣ መንገድ ላይ ይዘሽ አትሂጂ፣ ላመንሽውም ላላመንሽውም አትስጪ እያለች በየሳምንቱ ነዝንዛታለች። መንገዱም የሚያስተማምን አልነበረም። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ ሚኒባሱ ሲያሰኘው ጋሳይ ላይ ያድራል።

ታንጉ ግን ብሩ ባንክ መግባቱን ለማንም አልተናገረችም። ሰው ምን ያህል እንደሚያስብላት ለመስማት ጓጉታ ነው። ምክሩ ጎረፈ። አንዷ በቀሚስሽ ጠርዝ ስፊው አለቻት። አንዱ ወርቅ ገዝተሽ ጥርስሽን አስለብጭው አላት። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ ወርቅነህ፣ የሰንበቴው ሙሴ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያደምጣቸው ሽማግሌ፣ ንፋስ መውጫ የሚያውቁት አንድ ነጋዴ እንዳለ በእርጋታ አስረዷት። ብሩን እዚህ ለነጋዴው ትቆጥሪለታለሽ፤ ወንድሙ እዚያ ለኤልሳቤጥ ዶላር ይሰጣታል፤ ሰውየው እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው አሏት። ታንጉ ለልጇ ነገረቻት። ኤልሳቤጥ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰውየው ቢክድ ማንን ትከሻለሽ? በዚያ ላይ ሕጉ የማያውቀው መንገድ ነው፤ እዚህ ገንዘቡ ከየት መጣ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አለቻት። ታንጉ ጥያቄውን ለአያ ወርቅነህ ብታደርሰው፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው አይከሰስም የሚል መልስ አገኘች።

የእህቷ ልጅ ባዩ ደግሞ ዘመናዊ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ስልክ ይጠግናል፣ ቻርጅ ያደርጋል። እሱ የመከራት ገንዘቧን ስልኩ ላይ ባለ አንድ ነገር ውስጥ እንድታስገባ ነው። በወር እጥፍ ይሆናል፣ ድንበርም የለው፣ ፍተሻም የለው አላት። ታንጉ ያንተ ገንዘብ እስካሁን ለምን እጥፍ አልሆነም ብትለው፣ መነሻ ካፒታል እየጠበቀ መሆኑን ነገራት።

ትክክለኛውን መንገድ የነገራት የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ነው። ጉዞዋ ሲቃረብ ፓስፖርቷን፣ ቪዛዋንና የአውሮፕላን ትኬቷን ይዛ ከቀረበች ባንኩ የተፈቀደውን ያህል ዶላር ይሸጥላታል፤ ደረሰኙን ከፓስፖርቷ ጋር ትይዛለች፤ የቀረው ብር በስሟ እዚሁ ይቀመጣል። ታንጉ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ትንሽ ቅር አሰኛት። ስንት ሌሊት ስታስብበት ኖራ ነገሩ በአንድ ደረሰኝ ማለቁ አልተዋጠላትም።

ያልቀለለው ቤቱ ነው። ገዥ መጣ፣ አየ፣ ሄደ፤ ሌላ መጣ፣ አየ፣ ሄደ። ትኬቱ ደግሞ ተቆርጧል። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ የሚያስገባላት ወኪል ያስፈልጋት ነበር። ባዩን አሰበች፤ ከአራስነቱ ጀምሮ አዝላዋለች። አያ ወርቅነህን አሰበች፤ አገር ያከብራቸዋል። ሁለቱም ለውክልናው ራሳቸውን በየፊናቸው አቅርበዋል። ማንን እንደምታምን ግራ ገባትና፣ ግራ የገባት ነጋዴ የምታደርገውን አደረገች። ናሙና ለመውሰድ ወሰነች።

መጀመሪያ ግን ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ መልአኩ ሄዳ ሰውን ለመፈተን የሚነገር ሐሰት ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቄሱ ጥቂት አሰቡና ኃጢአት ነው አሏት። ለስንት ሰው ነው የምትዋሽው ብለውም ጠየቋት። ለሁለት ዘመድና ለአንዲት ጎረቤት አለች። ለዘመዶቹ ስግደት አዘዙባት፤ ለጎረቤቷ ግን እጥፍ አደረጉት። ታንጉ ለምን ብትላቸው፣ ወንጌሉ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ አለ እንጂ ዘመድህን አላለም ብለው መለሱላት።

ጎረቤቲቱ ዓለምጸሐይ ናት። እሷም ምስር ነጋዴ ነች። ግቢዎቻቸውን አንድ የቅንጭብ አጥር ይለያቸዋል። ከዓመታት በፊት የታንጉ ደንበኛ የነበረ የደብረ ታቦር ነጋዴ ፊቱን ወደ ዓለምጸሐይ ካዞረ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ተነጋግረው አያውቁም። አይነጋገሩም ማለት ግን ዝም ይባባላሉ ማለት አይደለም። ታንጉ የልቧን መናገር ስትፈልግ የራሷን ዶሮ ትቆጣለች። «አንቺ ሌባ፣ የሰው ጥሬ ለቅመሽ ልትወፍሪ ነው» ትላለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። ከአጥሩ ማዶ ዓለምጸሐይ ደግሞ የራሷን ዶሮ፣ «ምነው አንቺ፣ ደንበኞችሽ ራሳቸው ሄዱ ወይስ አንቺ አባረርሻቸው» ትላለች። ዶሮዎቹ ይህን ሁሉ ችለው ይጭራሉ።

ታንጉ ዓለምጸሐይን የጨመረቻት ወጥመዱ መሥራቱን ለማረጋገጥ ነው። ሁለቱ ዘመዶቿ ሊሰርቁም ላይሰርቁም ይችላሉ፤ ዓለምጸሐይ ግን ያለ ጥርጥር ትሰርቃለች። ያለ ጥርጥር የሚሰርቅ ሰው ካልተያዘ ወጥመዱ አይረባም ማለት ነው።

ለአያ ወርቅነህ ብሯን ጎታው ውስጥ ከገብሱ ሥር መቅበሯን በምሥጢር ነገረቻቸው። እዚያ የቀበረችው ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ሚጥሚጣ ነው፤ ጥቅሉን የፈታ ሰው ለሳምንት ያስነጥሰዋል። ጎታውንም መልሳ በጭቃ መረገችው። ለባዩ ብሯን በሟች ባሏ የበቅሎ ኮርቻ ሆድ ውስጥ መስፋቷን ነገረችው። የኮርቻውን ሆድ የሞላችው በዚያው ጠዋት ከአጥር ሥር ባጨደችው ሳማ ነው፤ እሷ ራሷ በሁለት ፌስታል እጇን ሸፍና እንኳ አንድ ጣቷን ለብልቧታል። ለዓለምጸሐይ ደግሞ አጥሩ ሥር ቆማ ከኤልሳቤጥ ጋር የምታወራ መስላ፣ ብሩ ማጀት ባለው አሮጌ እንስራ ውስጥ ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም እያለች ጮኸች። ስልኩ ጠፍቶ ነበር። እንስራው ውስጥ ከጨርቅ ጥቅልል ላይ በኑግ ዘይት የተለወሰ ጥላሸት አፈሰሰችበት።

ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣ ልገዛ ንፋስ መውጫ እሄዳለሁ ብላ ለመንገደኛው ሁሉ ተናገረችና ሚኒባስ ተሳፈረች። ቁልፏን ሁልጊዜ ጉበኑ ላይ እንደምትተው የማያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን በባጃጅ ጭና ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ጎታውን ነው። ምርጊቱ እንደነበረ ነው፤ ጣት አልነካውም። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ኮርቻው የተሰቀለበት ችካል ባዶ ነው። ማጀት ገባች። እንስራው የለም።

ከአንድ ጎኗ ደስ አላት፤ ወጥመዱ ሠርቷል። ከሌላው ጎኗ ግን ባዩን አዝላ ማሳደጓን አሰበች። ሻንጣውን ደጃፍ ላይ ጥላ ወደ ሱቁ ሄደች።

ባዩ በጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ሁለት ክንዱ እስከ ትከሻው ቀልቶ አባብጧል፤ ሲያከው የነበረው አንገቱና አንዱ ጆሮውም እንደዚያው ሆኗል። ምን ሆነህ ነው ስትለው የስልክ ባትሪ ፈሶብኝ ነው፣ ኬሚካል ነው አላት። አንገትህስ ብትለው ይዛመታል አለ።

«እንዲህ ያለው ባትሪማ እኔ ጓሮ ሞልቷል» አለችው ታንጉ። «ከአጥር ሥር ይበቅላል።»

ባዩ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ። ከጠረጴዛው ሥር በማዳበሪያ የተጠቀለለውን ኮርቻ አወጣና ፊቷ አስቀመጠው። ለመስረቅ አልነበረም አላት። ስልኩ ላይ አስገብቼው፣ ሳትሄጂ እጥፍ አድርጌ ልመልስልሽ ነበር፤ ስታዪው ደስ ይልሻል ብዬ ነው አላት። ታንጉ ፊቱን ብታየው እየዋሸ አይደለም። ከሁሉ የከፋት ይሄ ነው። ሌባ ቢሆን ትቆጣው ነበር፤ ይሄ ግን ገንዘቧን ከእሷ የበለጠ ተስፋ አድርጎ የሚያጠፋ ልጅ ነው። ኮርቻውን ከነሳማው ትታለት፣ ክንድህን በቅቤ እሸው ብላው ወጣች።

ታንጉ ቤቷ ስትደርስ ዓለምጸሐይ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። እንስራው ከእግሯ ሥር ነው። እጆቿ እስከ ክርኗ ጠቁረዋል፤ ግንባሯ ላይም የጣት ምልክት አለ። ታንጉ ስታያት ታፍራለች፣ ትሸሻለች ብላ ጠብቃ ነበር። ዓለምጸሐይ ግን አልሸሸችም። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያለ ዶሮ አማላጅ ፊት ለፊት አናገረቻት።

«በስልክ ስትለፈልፊ የሰማሁሽ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መንገደኛው ሁሉ ሰምቶሻል» አለቻት። «ያ የእህትሽ ልጅ ኮርቻ ተሸክሞ ሲወጣ አየሁት። ተመልሶ እንስራውንም ሳይወስደው ብዬ እኔ ቤት አስገባሁት።»

«ለምን ከፈትሽው ታዲያ?»

«ጎድሎ ቢገኝ በእኔ ታሳብቢያለሽ ብዬ። አይቼ ልዘጋው ነበር።» ዓለምጸሐይ እንስራውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ጨርቅ ብቻ ነው ያገኘሁ። ታንጉ፣ እኔ ሳልደርስ በፊት ወስደውብሻል። ብርሽ የለም።»

 ዓለምጸሐይ ከጥቁረቷ ይልቅ የሚከብዳትን ወሬ ለማርዳት በሩ ላይ ቆማ የጠበቀቻት ናት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ታንጉ ቀስ ብላ፣ ብሩ ባንክ ነው፣ ከመጀመሪያውም ባንክ ነበር አለቻት።  ዓለምጸሐይ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸውና ይሄ ታዲያ ምንድነው አለች። ጥላሸት ነው አለች ታንጉ፤ በኑግ ዘይት የተለወሰ። ለምን ብትላት ሌላ ነገር አልመጣላትም፤ «ለአይጥ ነው» አለች።

ዓለምጸሐይ እንስራውን ትታ ወደ ግቢዋ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ ዶሮዋን ስታናግር ተሰማች። «ነይ አንቺ አይጥ» ትላታለች፤ «አይጥ መሆንሽን ዛሬ ነገሩን።»

ታንጉ በዚህ ብታፍርም የፈተናው ውጤት ግን ግልጽ መሰላት። ባዩ ወድቋል። ዓለምጸሐይ ልቧ ደግ ቢሆንም እንስራ ተሸክማ ሄዳለች። ያልተነካው የአያ ወርቅነህ ጎታ ብቻ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ነጭ ጋቢያቸውን ከለበሱት ሽማግሌ ጋር ውክልና ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደች።

የቢሮው ሠራተኛ ለወኪሉ የምትሰጪው ሥልጣን ምንድነው ብሎ ጠየቃት። ታንጉ ከመመለሷ በፊት አያ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መለሱላት።

«ሁሉንም ጻፈው። መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ ከባንክ ማውጣት። እኔ እያለሁ እሷ በሰው አገር ለምን ትጨነቅ?»

ታንጉን ስጦታ የምትለዋ ቃል ጆሮዋን ቆነጠጠቻት። ለማን ነው በስጦታ የሚተላለፈው ብላ ጠየቀቻቸው። የሕግ አነጋገር ነው፣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስጽፈው አሏት። ወደ ሠራተኛው ዞር ስትል፣ ልጁ ብዕሩን እያሽከረከረ፣ የምትሰጪው አንቺ ነሽ፣ የፈለግሽውን ታስገቢያለሽ፣ ያልፈለግሽውን ታስወጫለሽ አላት። ይህን ስትሰማ ታንጉ እንደ ገበያዋ ተስተካክላ ተቀመጠች። መሸጥ ብቻ ይጻፍ አለች። ከመሸጡ በፊት ዋጋው በስልክ ይነገረኝ። ገዥው ገንዘቡን በቀጥታ በእኔ ሒሳብ ያስገባ። ወኪሉ ከባንክ አንዲት ሳንቲም ማውጣት አይችልም ተብሎ ይጻፍ።

አያ ወርቅነህ ዱላቸውን ከግድግዳው አነሱ። «ሳታምኚኝ ነው ያመጣሽኝ?» አሏት።

«አምንዎታለሁ። ቤቱን ይሽጡልኝ።»

«የወንድሜ ቤት ነው። ለባዕድ የሚሸጥ አይደለም። ካሣሁን ይግባበት ብዬ ለልጄ ነግሬያታለሁ።» ካሣሁን የልጃቸው ባል ነው፤ በመጪው ክረምት ጎጆ ይወጣሉ ተብሏል።

«ካሣሁን ይግዛው አያ። ዋጋውን ያውቃል።»

«ዘመድ ለዘመድ ዋጋ ይጠራል?»

ታንጉ ፊታቸውን አየች። እንደ ባዩ እሳቸውም አይዋሹም ነበር። ወንድማቸው የሠራው ቤት የእሳቸው ዘር ሀብት እንደሆነ፣ እሷ ደግሞ እስካሁን በአደራ ስትጠብቀው እንደኖረች ከልባቸው ያምናሉ። ባሏ በሞተ ማግስት ክረምት ጣራው ሲያፈስ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አለማዋጣታቸውን ልታስታውሳቸው ፈለገችና ተወችው። እሳቸውም ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። የቢሮው ልጅ የጀመረውን ወረቀት ቀደደና ሌላ ወኪል ካለሽ ነገ ነይ አላት።

ሌላ ወኪል አልነበራትም። አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዓለምጸሐይን ግቢዋ ውስጥ ባቄላ እየለቀመች አገኘቻት። ጥላሸቱ በጥፍሮቿ ሥር ቀርቷል። ታንጉ አጥሩ ላይ ቆማ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ጎታውን፣ ሚጥሚጣውን፣ የአያ ወርቅነህን ስጦታም። ጎታውን ስላልነኩት አምኛቸው ነበር አለቻት።

ዓለምጸሐይ ከባቄላው ቀና አላለችም። «ምን ብለው ይንኩት?» አለች። «ቤቱን ከነጎታው ሊወስዱት እያሰቡ።»

 ታንጉ ወኪል ሁኚልኝ አለቻት። ዓለምጸሐይ የተበላሸ ባቄላ ለይታ ጣለችና ጥያቄ አስቀደመች። ለወርቅነህ ሚጥሚጣ፣ ለባዩ ሳማ አደረግሽ፤ እኔን ከእነሱ ጋር የደመርሽኝ ምን ብለሽ ነው? ታንጉ መዋሸት ሰልችቷታል፤ በዚያ ላይ ስግደቱ ገና አላለቀም። አንቺ እንደምትሰርቂ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው ወጥመዱን የሞከርሁብሽ አለቻት። ዓለምጸሐይ ሰፌዱን አስቀመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ታንጉ የሚመጣውን ስድብ ለመቀበል ተዘጋጀች።

«መጀመሪያ የገበያ ቦታሽን ብቻ ልጠይቅሽ ነበር» አለች ዓለምጸሐይ። «አሁን ግን ሚዛኑንም ጨምሪ።»

ቦታው ከዋርካው ጥላ ሥር ነው፤ በአርብ ገበያ ፀሐይ የማይነካው የምስር ተራ እሱ ብቻ ነው። ታንጉ ላሟን ስትሸጥ እንዲህ አልተሰማትም፤ ዓለምጸሐይ በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእሷን ሚዛን ስታነሳ በዓይነ ኅሊናዋ ታያት። አንድ ሙሉ ቀን አሰበችበት። በሁለተኛው ቀን እሺ አለች። ውክልናው ታንጉ እንዳለችው ተጻፈ፤ መሸጥ እንጂ ማውጣት የለበትም። ዓለምጸሐይ ስትፈርም፣ ማውጣት አለመቻሌ ደስ ብሎኛል፣ ብሩ ቢጎድል ቢያንስ እኔን አትይም አለች።

በዚያው ሳምንት የቀረውን ገብስ ለመሸጥ ሁለቱ አብረው ጎታውን ከፈቱ። ታንጉ የቀበረችውን ረስታዋለች። ዓለምጸሐይ በማንካው ስትዝቅ ላስቲኩ ተቀደደ። ማስነጠሱ ጎረቤት ጠራ። የመጣው ጎረቤትም አብሮ አስነጠሰ። ገብሱን የገዛው ጠላ ጠማቂ በኋላ ጠላው ምነው ይለበልባል ተብሎ ሲወቀስ ከረመ የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን ደንበኛ በዛልኝ ነው የሚለው።

ባዩ እሷ በምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን መናኸሪያ አደረሰላት። ክንዱ ድኗል። ታንጉ ብር አልሰጠችውም፤ ለስልክ መጠገኛ የሚሆን ጥሩ መሣሪያ ከካናዳ እልክልሃለሁ አለችው፤ ዕቃ እጥፍ አይሆንምና። ባሕር ዳር ካለው የባንኩ ቅርንጫፍ የሚፈቀደውን ዶላር በደረሰኝ ገዝታ በአንገቷ ባንጠለጠለችው ትንሽ ቦርሳ ያዘችው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከፊቷ የቆመች አንዲት ሴት ቀሚሷን ደጋግማ ስትዳብስ ፈታሾች አይተዋት ወደ ጎን ወሰዷት። ታንጉን ሲጠይቋት ደረሰኙን አሳየች። እለፊ አሏት። በእንቅብ ሥር መደበቅ የለመደች ሴት ነችና እንዲህ በግልጽ ማለፉ ትንሽ አሳፈራት። ካልጋሪ ስትደርስ ኤልሳቤጥ ወስዳ በእናቷ ስም ሒሳብ አስከፈተችላት፤ ያመጣችውም ገባላት።

ቤቱ የተሸጠው ጥቅምት ላይ ነው። የገዛው ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ተዛውሮ የመጣ አንድ መምህር ነው። ሰውየው የሟች ዘመድ ካልመሰከረ አልገዛም ብሎ ስለነበር ዓለምጸሐይ ራሷ አያ ወርቅነህ ዘንድ ሄደች። ምን እንዳለቻቸው ማንም አያውቅም። ብቻ ሽማግሌው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ከሁሉ በላይ አስቀመጠቻቸው፤ ፊታቸውን እንደ ዳመና አጥቁረው ምስክር ሆነው ፈረሙ። መምህሩ ገንዘቡን በታንጉ ሒሳብ ሲያስገባ ዓለምጸሐይ ከኋላው ቆማ ትከሻው ላይ ትተነፍስ ነበር።

ከባንኩ ደጅ እንደወጣች ደወለች። ካልጋሪ ገና ሳይነጋ ነው። ታንጉ በአንድ ክንዷ አንዱን መንታ አቅፋ ስልኩን አነሳች። ገብቷል፣ አይቼዋለሁ አለቻት ዓለምጸሐይ። ታንጉ መረቀቻት። ከዚያ ዓለምጸሐይ ለምስክሮቹ ምሳና ለባጃጅ ያወጣችውን ነገረቻት። ታንጉ የምሳውን እሺ አለች። የባጃጁን ስትሰማ ግን ምርቃቷን አቋረጠች፤ ከቢሮው እስከ ባንኩ ለምን በእግርሽ አትሄጂም፣ እኔ ሽምብራ ተሸክሜ የምሄደው መንገድ ነው አለቻት። ዓለምጸሐይም አንቺ የሄድሽው ባሕር ተሻግረሽ በአውሮፕላን ነው፣ እኔ በባጃጅ ብሄድ ምን አለበት ብላ መለሰችላት።

ኤልሳቤጥ ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ እናቷ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ውጪ በረዶ ይወርዳል። እናቷ እየሳቀች በስልክ ከአንድ ሰው ጋር ትጣላለች፤ ሕፃኑ ሳቋን እየሰማ አብሮ ይስቃል።